ከአንድ ጣራ ሥር ሁለቴ

የጊዜ መንገድ ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ እዚያው ልብስ ክፍል ውስጥ ነች። መንገዱ እንዴት እንደሚሠራ የጠየቃት ሰው ሁሉ ያገኘው መልስ ግን አንድ ነው፤ “እኔ ምኑን አውቄው! እኔ የማውቀው ክር ነው።” ስትቀልድ አልነበረም። ሰው ወደ ድሮ ሲሄድና ሲመለስ ይህን ሁሉ ዘመን በዐይኗ እያየች፣ ነገሩ አንድ ቀን እንኳ ቁልጭ ብሎ ገብቷት አያውቅም። ገባኝ ስትል መልሶ ይዞርባታል።

ክሩን ግን፣ ኧረ ክሩንስ አሳምራ ታውቀዋለች። መንገዱ አንድ ክፉ ዐመል አለው። ከምትሄድበት ቀን በኋላ የተሠራ ነገር ይዘህ ልለፍ ብትል ደፉ ላይ ያራግፍሃል። ጨርቁም፣ ክሩም፣ ቁልፉም ከዚያ ቀን በፊት የነበረ መሆን አለበት። ልብስ ክፍሉ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሰፊዋ ከየቤቱ የተሰበሰበ አሮጌ ልብስ ትረከባለች፣ በኋላ ዘመን የተሰፋውን ስፌት ትተረትራለች፣ ከሌላ አሮጌ ልብስ ክር እየመዘዘች እንደገና ትሰፋዋለች። አዲስ ክር ለሠራተኛ ጋዋን እንጂ ለተጓዥ ልብስ አይነካም። ይህን ሕግ ያወጣችውም፣ ጀማሪ በመጣ ቁጥር ስትጨቃጨቅበት የኖረችውም እሷው ነች።

ሕጉ ደግሞ ዝም ብሎ አልመጣም። ጣቢያው በተከፈተ ሰሞን አንድ የተከበሩ ሰውዬ ሽክ ብለው፣ ሽቶ ተርከፍክፈው ሊሄዱ መጡ። ሱሪያቸው በቅርቡ ጠቦ መሰፋቱን ማንም ልብ አላለም። ምን ልበላችሁ! ሱሪው ደፉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ቀረ፤ ሰውዬው በዚያኛው ዘመን አደባባይ በሙታንታ ብቅ አሉ። ሌላው ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርሱ እዚሁ ተራግፎበት፣ በወጣትነቱ የናፈቃትን ሴት ፊት ለፊት አግኝቶ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አፉን በእጁ ይዞ ተመለሰ። ልብስ ክፍል ውስጥ የሥራ ድካም የሚረሳው በእነዚህ ወሬዎች ነው።

አንድ ቀን ሰፊዋ መሐንዲሱን ያዘችው። መሐንዲሱ መንገዱን የሚቆጣጠር፣ ከእሷ በብዙ የሚያንስ፣ ሲበዛ ጨዋ ሰው ነው። “ጠዋት የበላሁት ዳቦስ?” አለችው። “እሱስ አዲስ አይደል? ሆዴ ውስጥ ያለው ለምን አይራገፍም?”

“እትዬ፣ በሞቴ እሱን አይጠይቁኝ። እኛም ተሰብስበን አልቻልነውም።”

“ጉድ እኮ ነው! እናንተ ካልቻላችሁት እኔ ምን አግብቶኝ” ብላ ወደ መርፌዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ “ዳቦው” በሁለቱ መካከል የተለመደ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ጣቢያው አንድ ደስ የሚል ደንብ አለው። ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊት አንድ ቀን መርጦ፣ ደርሶ ይመለሳል። የስንብት ጉዞ ይሉታል። አትክልተኛው የመጀመሪያ ልጁ የተወለደችበትን ቀን አይቶ መጣ፤ ያኔ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ስለነበር አልደረሰም። የሰፊዋ ተራ ሲቃረብ ሁሉም “የት ልትሄጂ ነው?” እያሉ ያሾፉባት ጀመር። “ከባለቤቴ ጋር ወደተዋወቅኩበት ቀን ሄጄ፣ ያችን የያኔዋን እኔን ተመለሺ ልላት ነው” እያለች ታስቃቸዋለች። እውነቱን ለማንም አልነገረችም። የምትሄደው እናቷ ወደሞተችበት ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፊዋ በልጅነቷ ቀጭን፣ በሽታ የማይለቃት ልጅ ነበረች። እናቷ “ስንጥሬ” ነበር የምትላት። ትኩሳት በያዛት ቁጥር ፀጉሯን እየዳበሰች “ምናለ የዚችን ልጅ ሽበት አሳይቶ ቢገድለኝ!” ትል ነበር። ስንጥሯ አደገች፣ ሌላ ከተማ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት “እናትሽ ደክማለች፣ ድረሽ” የሚል መልእክት ከታላቅ እህቷ መጣላት። አውቶቡስ ላይ ዘላ ወጣች። ከሰዓት በኋላ እናቷ ቤት ደረሰችና በሩን ገፋችው። በሩ እምቢ አለ። አንኳኳች፣ ደበደበች፣ በትከሻዋ ገፋች፤ ውስጥ የእህቷ ድምፅ ይሰማታል፣ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ብርግድ ሲል ወደ ውስጥ ወደቀች። እናቷ አልፋለች። እጇ ገና አልቀዘቀዘም።

“ለምን ቆለፍሽብኝ?” አለቻት እህቷን።

እህትየው እንደ እብድ አየቻት። “ዐይንሽን ላፈር! እየጠራችሽ ጥለሻት ወጥተሽ፣ ዞረሽ ደግሞ በፊት በር ትመጪብኛለሽ?”

“ምን ትቀባጥሪያለሽ? አሁን ገና ከአውቶቡስ መውረዴ ነው!”

ሬሳ መካከል አድርገው ተጯጯሁ። ጎረቤት ገብቶ ለያያቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ከተማ እየኖሩ ሰላምታ የላቸውም። አንዷ “ቆልፋብኛለች” ትላለች፣ ሌላዋ “ጥላት ወጥታለች” ትላለች፤ እንዲህ ሲሉ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሰፊዋ እህቷ በሐዘን አእምሮዋ ተነክቶ ወይም በክፋት የፈጠረችው ነው እያለች ኖረች። የስንብት ጉዞዋን ወደዚያ ቀን ያደረገችውም ለሌላ አይደለም፤ ቀደም ብላ ገብታ፣ እናቷን አንድ ጊዜ ሕይወቷ ሳያልፍ ልታገኛት ነው። በቃ፣ የምትፈልገው እሱን ብቻ ነበር።

ጉዞዋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ነጋዴ የገዛ ሠርጉን ሊያይ ሄዶ ተመለሰ። የተዋሰውን ኮት ሊመልስ ልብስ ክፍል ሲገባ ፊቱ ቲማቲም መስሏል፣ ጡጫው አብጧል።

“የማን አዳራሽ ነው እሱ? የተከራየሁት እኔ አይደለሁ? ሰው ሁሉ ይገባል ይወጣል፣ እኔ ስገፋው በሩ ግድግዳ ይሆናል! የገዛ ሠርጌ ላይ ደጅ ቆሜ ዋልኩ!”

መሐንዲሱ ከኋላው ተከትሎት ገባ። “ጌታዬ፣ እርስዎማ ውስጥ ነበሩ። ሙሽራው ማን ሆነና?”

“እና ብሆንስ?”

“አንድ ሰው ከአንድ ጣራ ሥር ሁለቴ አይሆንም። ቀድሞ የገባው እስኪወጣ ለሌላው በሩ አይከፈትም። ከመሄድዎ በፊት ይህን ነግረንዎት ነበር።”

“እኔ ደግሞ ለወጉ የምታወሩት መስሎኝ!” አለ ነጋዴው፣ ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ።

ሰፊዋ ይህን ደንብ አልሰማችውም አይባልም። ጣቢያው ውስጥ ደንብ እንደ ጉድ ነው፤ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ስታፈሰው ኖራለች። ዛሬ ግን መቀሱ ከእጇ ወደቀ።

“አንተ፣ እስቲ ቁጭ በል” አለችው መሐንዲሱን።

“ዳቦውን እንዳይሉኝ ብቻ።”

“አይደለም። አንድ በር… አንድ በር አልከፈት ቢለኝ፣ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ ማለት ነው?”

“ሌላ ምክንያት ከሌለው፣ አዎ።”

“አልነበርኩም እኮ! ደጅ ነበርኩ!”

“ያኔ የነበሩት እትዬ ደጅ ናቸው። ውስጥ የሚሆኑት አሁን ያሉት ናቸው። ሲሄዱ።”

“ካልሄድኩስ?”

“ካልሄዱማ በሩ ይከፈት ነበር።”

“አልተከፈተም እኮ ነው የምልህ!”

“እንግዲያው ሄደዋል።”

“የት ሄጄ? ይኸው እዚህ ተቀምጬ!”

መሐንዲሱ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። “ያለፈ ነገር አይቀየርም፣ እትዬ። የሚሄድ ሰው ምንም ሊለውጥ አይሄድም። ድሮም እዚያው ነበር፤ ተራው ገና አሁን ደረሰ እንጂ።”

“ተወኝ በቃ! ራሴን አዞርከው!” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንባዋን እንዳያይባት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አይነሡ። ለሰፊዋ ምኑም ምኑም አልጨበጥ አላት። እጅጌ የሚገባበት ቦታ ኪስ ሰፍታ ታገኘዋለች። እሷ ናት እንግዲህ ራሷን ደጅ ያቆመችው? በገዛ እናቷ ሞት ቀን በሩን በራሷ ላይ የዘጋችው? ተቆጣች፣ ማንን እንደምትቆጣ ግን አላወቀችም። በመጨረሻ ቆረጠች። አልሄድም! እኔ ካልሄድኩ ውስጥ ማንም የለም፤ ውስጥ ማንም ከሌለ በሩ ለዚያች ልጅ ይከፈታል፤ እናቷን በሕይወት ታገኛታለች። አበቃ።

ታዲያ በየማለዳው ስትነቃ ገና ዐይኗን ሳትገልጥ ትውስታዋን ትፈትሻለች። ተለውጦ ይሆን? በሩ በቀላሉ ተከፍቶ፣ እናቷ ቀና ብላ “መጣሽ ስንጥሬ?” ስትላት ታስታውስ ይሆን? ትጠብቃለች። የሚመጣላት ያው የፈረደበት በር ነው፣ ያው የትከሻዋ ሕመም ነው። “አልሄድም አልኩ እኮ!” ትላለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ። ማን ይመልስላት?

ግራ ሲገባት ጊዜ የማይታሰበውን አደረገች፤ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። እህትየው የምትኖረው እዚያው እናታቸው ቤት ነው። በሩን ከፈተችና ደፉ ላይ ቆመች፤ ግቢም አላለቻትም።

“አንድ ነገር ጠይቄሽ እሄዳለሁ” አለች ሰፊዋ። “ያን ቀን… እኔ ውስጥ ነበርኩ ስትዪ፣ ምን ለብሼ ነበር?”

“ሠላሳ ዓመት ቆይተሽ የመጣሽው ለልብስ ነው?”

“እባክሽ፣ እታለም።”

እታለም ስትባል እህትየው ትንሽ ረገብ አለች። በልጅነታቸው እንዲያ ነበር የምትጠራት። “አረንጓዴ ሹራብ” አለች። “ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የጎደለ። ራስሽን በሻሽ ጠቅልለሽ። ጓዳ ሻይ አፍልቼ ስመለስ የእማዬን እጅ ይዘሽ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። እሷ ዐይኗን ብርሃን ስለሚወጋት መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። ‘መጣሽ?’ አልኩሽ፣ ራስሽን ነቀነቅሽ። ከዚያ በሩ ተደበደበ። ልከፍት ሄጄ እምቢ ብሎኝ ስታገል ዞር ብል፣ ተነሥተሽ በጓዳ በኩል ትወጫለሽ። ‘ስንጥሬ፣ ስንጥሬ’ እያለችሽ! እጇን ከእጅሽ አላቀሽ! ከዚያማ ሹራብሽን የሆነ ቦታ ጥለሽ፣ ዞረሽ መጥተሽ ለምን ቆለፍሽ አልሽኝ።”

“አረንጓዴ ሹራብ ኖሮኝ አያውቅም” አለች ሰፊዋ ቀስ ብላ። “የመጨረሻ ቃሏስ ምን ነበር?”

“እሱን ከእኔ አትሰሚም። ስትቃዥ ነበር። የሚቃዥ ሰው ቃል አይወራም።” በሩ ተዘጋ።

ሰፊዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን በእግሯ ሄደችው። አንድ ነገር ብቻ አእምሮዋ ውስጥ ይመላለሳል። እናቷ የሰው እጅ ይዛ ነበር። ያ እጅ የእኔ ከሆነና እኔ ካልሄድኩ፣ የማንን እጅ ልትይዝ ነው? ባዶ አልጋ ልብስ? እሄዳለሁ አለች። ግን እንደ ሞኝ አይደለም! ቀደም ብዬ እገባለሁ፣ እጇን እይዛለሁ፣ ልጅቷ ሳትደርስ በጓዳ እወጣለሁ። ለእኔም ይደርሰኛል፣ ለእሷም ይደርሳታል። ያለፈ አይቀየርም ይላል መሐንዲሱ? አሳየዋለሁ!

ደግሞስ ልብስ ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ሹራብ የለም። ይህ ልብ ልብ አላት። በጉዞዋ ዋዜማ ግን አዲስ የአሮጌ ልብስ ጆንያ መጣ። ጋዋን እየጠገነች በአንድ እጇ ጆንያውን ስትፈታ፣ አናቱ ላይ አረንጓዴ ሹራብ ተቀምጧል። ደነገጠች። ቁልፎቹን ቆጠረች። ሁሉም አሉ! አንድም አልጎደለም! “በይ እንግዲህ፣ ያኛው አይደለሽም” አለችው ሹራቡን፣ እንደ ሰው። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ብቻ ትንሽ ላላ ብሏል። ሰፊ የላላ ቁልፍ አይቶ አያልፍም፤ እጇ ላይ ባለው መርፌ ጠበቅ ጠበቅ አደረገችውና አሮጌውን ክር በጥርሷ በጥሳ ጣለች። ሐሳቧ ነገ ላይ ነበር።

በማግስቱ፣ ያኛው አለመሆኑን አምና፣ ሹራቡን ለብሳ፣ የእናቷን ዘመን ሻሽ ተከናንባ መንገዱ አፍ ላይ ቆመች። መሐንዲሱ “እስከ ማምሻው ክፍት ነው፤ በዚሁ በር ይመለሳሉ” አላት። እግሯን ደፉ ላይ ስታነሣ ደረቷ አካባቢ አንድ ነገር ላላ። ጠብ። ቁልፉ ሲሚንቶው ላይ እየተንከባለለ ሄደ።

የጋዋን ክር! በአዲሱ የጋዋን ክር ነው የሰፋችው! ሰው ስትቆጣበት የኖረችውን ስህተት፣ በገዛ እጇ፣ በገዛ ልብሷ። “እኔ ነኝ!” ብላ ጮኸች፤ ወዲያው በዚያኛው ወገን ነበረች።

ያኔ ጣቢያው የለም። ቦታው ባዶ የጡብ መጋዘን ነበር። ወጣችና ቶሎ ቶሎ ተራመደች። ዐይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ ያለችው ሰፈር ግን ጠፋባት። እሷ የምታስታውሰው ለካ የኋላውን ነው፤ ነዳጅ ማደያው ጋ ልትታጠፍ ስትፈልግ ማደያው ገና አልተሠራም። አንዱን አጥር ሁለቴ ዞረችው። በስተመጨረሻ አንዲት ቅጠል የምትጠርግ ሴት አቁማ፣ የገዛ እናቷ ቤት በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀች። እንዲህ ስትደናበር ጊዜው ነጎደ።

በሩን ገፋችው። ምንም እንዳልነበረ ከፈት አለላት። ክፍሉ ጨለም ብሏል፤ ከጓዳ የማንቆርቆሪያ ድምፅ ይሰማል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

“ማን ነው?” አለች እናቷ።

“እኔ ነኝ፣ እማዬ። ስንጥርሽ።”

እናትየው እጇን አንሥታ ፊቷን ዳበሰች። ከዚያ ሻሹን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችውና ዝም ብላ አየቻት። ጣቶቿ ፀጉሯ ውስጥ ገቡ።

“ሸብተሽ” አለች። “ስንጥሬ! ሸብተሽ?”

ሰፊዋ ይህን አላሰበችውም ነበር። ስለ በሩ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጓዳው ስትጨነቅ፣ እናቷ እሷን ምን ሆና እንደምታያት አንዴም አላሰበችም። “አዎ እማዬ” አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። “ሸበትኩ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር አልሰካም። አርጅቼልሻለሁ።”

“እሰይ!” አለች እናትየው። “እሰይ፣ የእኔ ልጅ!” እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

አሁን እነሣለሁ፣ አለች ሰፊዋ በልቧ። አሁን። እህቷ ሻይ ይዛ ገባችና ከኋላዋ “መጣሽ?” አለች። ሰፊዋ ሻሹን ወደ ግንባሯ መለስ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። አሁን እነሣለሁ። አንዴ ብቻ ደግሞ ልያዛት። የእናቷ እጅ ሞቅ ያለ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተመኘችው እጅ፤ ማን ይለቀዋል? ለቃችሁ የምትነሡ ካላችሁ እናንተ ጎበዝ ናችሁ።

በሩ ተደበደበ።

“እማዬ! ክፈቱልኝ! ምን ሆናችሁ ነው!” የገዛ ድምፅዋ ነው፣ የወጣትነቷ።

እህቷ ሻዩን አስቀምጣ ወደ በሩ ሮጠች። ሰፊዋ እጇን አላቀቀችና ተነሣች። “ስንጥሬ” አለች እናቷ። ከደጅ ያለችውን ትጥራ ውስጥ ያለችውን፣ ሰፊዋ አላወቀችም። ጓዳ ገብታ የኋላውን በር ያዘች። መወርወሪያው አልንቀሳቀስ አለ። ሳበችው፣ ገፋችው። ያ በር አንድ ዘዴ ነበረው፣ ምን ነበር? ልጅ ሆና በቀን ሃምሳ ጊዜ የከፈተችው በር! ዞር ስትል በኮሪደሩ በኩል እህቷን አየቻት። በሁለት እጇ እጀታውን ይዛ፣ አንድ እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ ላብ በላብ ሆና በሩን ወደ ውስጥ ትጎትታለች። “ኧረ እምቢ አለኝ!” ትላለች። ሰፊዋ ያኔ ትዝ አላት፤ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሚነሣው። አነሣችው፣ ወጣች። የውጭው አየር ሲነካት ከወዲያ በኩል የፊት በሩ ብርግድ ሲል ሰማች።

ከጓዳው ግድግዳ ኋላ ተለጥፋ ቆመች። ለቅሶ ተነሣ። የራሷን ለቅሶ ከውጭ ሆና ሰማችው። አልደረሰችም፤ ያች ልጅ አሁንም አልደረሰችም።

እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም። መሐንዲሱ ፊቷን አየና ከመሬት ያነሣውን ቁልፍ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ሹራቡን ሳታወልቅ፣ የጣቢያው ንብረት መሆኑንም ረስታ፣ በቀጥታ ወደ እህቷ ቤት ሄደች።

እህትየው በሩን ከፈተች። ዐይኗ ሹራቡ ላይ፣ ቁልፉ የጎደለበት ቦታ ላይ ተተከለ። ስለ ጊዜ መንገድ የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም፤ ነገሩ ቀስ እያለ ፊቷ ላይ ሲገባት ይታይ ነበር።

“ዛሬ ነው የሄድኩት፣ እታለም። አሁን ከእማዬ ዘንድ መምጣቴ ነው።”

“ውሸትሽን ነው።”

“‘ሸብተሽ’ አለችኝ።”

እህትየው የበሩን መቃን ያዘች። “አንቺ ጓዳ እንደገባሽ ወደ እኔ ዞረች” አለች። “‘አየሻት? ስንጥሬ ሸብታለች እኮ!’ አለችና ሳቀች። እየሳቀች ነው ያለፈችው። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ሸብታለች ስትል እኔ ቅዠት ነው አልኩ። አእምሮዋን ስታ ሞተች እንዳይባል ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።” እንባዋ ይወርድ ጀመር። እጇን ዘርግታ የሰፊዋን ሻሽ ወደ ኋላ ገፋችና ፀጉሯን አየች።

“እኔ ግን በሩን አልቆለፍኩብሽም” አለች እንደ ሕፃን።

“አየሁሽ። በሁለት እጅሽ፣ እግርሽን ግድግዳ ላይ ተክለሽ ስትጎትቺልኝ አየሁሽ። ይቅር በይኝ፣ እታለም።”

እህትየው ዐይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ከደፉ ላይ ገለል አለች፣ በሩንም ወለል አድርጋ ያዘችላት።

“በይ ግቢ” አለች። “ደጅ አትቁሚ።”